የትኛውን ይዘሽ ትወጫለሽ?

«ቶሎ ወስኚ እንጂ!» አለች ፀዲ የክፍሉ በር ላይ ቆማ። «ትርኢቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ቲቸር ሰብለወርቅ የትኛውን ጊታር እንደምትይዢ ሳላውቅ ድምፁን ማስተካከል አልችልም ብላለች።»

ሮዳስ ወደ አልጋዋ ዞረች። አልጋዋ ላይ ሁለት ጊታሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። አንዱ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ገመድ ተሰክቶለት በስፒከር የሚጮህ አዲስ ጊታር ነው። ሌላው አሮጌ ነው። ሆዱ ላይ የተሰነጠቀው በኮላ ተጣብቋል፤ ክንድ በሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። አዲሱን የገዛላት አባቷ ነው። አሮጌው የገመቺስ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ያስጨንቃል?» አለች ፀዲ። «የገሜን ነዋ! ክፍሉ በሙሉ የሚጠብቀው እሱን ነው። መድረክ ላይ ስትወጪ ‹ይህ ለገመቺስ ነው› ትያለሽ፣ በቃ። ሰው ሁሉ ነው የሚያለቅሰው።»

«አንቺ ቅደሚ፤ እደርስብሻለሁ።»

«ታድሎ ገሜ!» አለች ፀዲ እየወጣች። «እንዳንቺ ዓይነት ጀለስ ያለው።»

ሮዳስ የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። 

ከገመቺስ ጋር የተዋወቁት ቡራዩ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ሲመደቡ ነው። እሱ የገፈርሳ ልጅ ነው፤ አባቱ ኦቦ ጃራ ከአያት ከቅድመ አያታቸው በወረሱት መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ ያርሳሉ። የእሷ አባት አጵሎስ ደግሞ ከወላይታ የመጣ ግንበኛ ነው፤ እናቷ ተስፋነሽ ፋብሪካ ትሠራለች። ገመቺስ ያንን አሮጌ ጊታር ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ለምኖ ካወጣው በኋላ ማንም ሳያስተምረው በራሱ ተማረ። ከዚያ እሷን አስተማራት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ይዞ ክሩ ላይ እያስቀመጠ «እዚህ ጋ ጫን በይ። ካላመመሽ አልተጫንሽም ማለት ነው» ይላት ነበር። የግራ እጁ ጣቶች ክሩ ላይ ሲሮጡ ክፍሉ በሙሉ ዝም ይል ነበር።

አሁን ከእነዚያ ጣቶች ሦስቱ አይታጠፉም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ዙሪያውን ያሉትን ከተሞች ይጠቀልላል፣ የገበሬው መሬት ይሄዳል ተብሎ አገሩ ሁሉ የተናወጠበት ወር ነበር። ተማሪው በየቀኑ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ገመቺስ እንኳን ለፖለቲካ ለኳስም ብዙ የማይጮህ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ግን «ሮዲ፣ እነሱ ካርታ ይሉታል፤ እኔ ግን የአባቴ ማሳ ነው የምለው» አላት፤ ሰልፍ ከተወጣም እንደሚወጣ ነገራት።

ሰልፉ የተወጣ ዕለት አባቷ አላስወጣትም። ረፋዱ ላይ ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ የሚተኮስ ነገር፣ ከዚያ ዓይን የሚለበልብ ጭስ አጥሩን ተሻግሮ ገባ። የሚሮጥ ሰው ኮቴ መንደሩን ሞላው። ከዚያ የእነሱ የቆርቆሮ በር ተደበደበ።

«ሮዲ! ሮዲ፣ እኔ ነኝ! ክፈቺልኝ!»

ሮዳስ ከቤት ሮጣ ስትወጣ አባቷ ቀድሟት ነበር። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሁለት እጆቹን በሁለቱም በኩል ዘርግቶ ቆሟል። ላብ ከግንባሩ ይወርዳል።

«እሱ ከገባ ፖሊሶቹ ተከትለውት ይገባሉ» አለ በሹክሹክታ። «ሁላችንንም ይወስዱናል። እኛ እዚህ አገር ማን አለን ልጄ? ማን ይመሰክርልናል?»

«ሮዲ!» አለ ከውጭ።

ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። ከቤታቸው በስተግራ ባዳ ሰው የማያውቀው ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ወደ ወንዙ ያወጣል። «በግራ በኩል ሂድ!» ብላ ብትጮህ ይበቃ ነበር። አባቷ እጇን አልያዛትም። አፏንም አላፈናትም። ዝም ያለችው ራሷ ናት።

ኮቴው ከበሩ ራቀ። ወዲያው የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ሲንኳኳና ሲቀደድ ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ጩኸት። ገመቺስ ሊዘል ሲንጠላጠል ስለት የሆነው የቆርቆሮው ጫፍ የግራ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ከፍቶት ነበር። ሐኪም ቤት ሰፉለት። ጅማቶቹ ግን ተቆርጠው ነበር።

ጥር ላይ ዕቅዱ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ሰው ተደሰተ። የካቲት ላይ ገመቺስ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ ግራ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አያወጣም። ሮዳስ ገና ሳይጠይቃት «ያን ቀን እኮ ሰበታ አክስቴ ጋ ነበርኩ» አለችው። እሱም ጥቂት ሲያያት ቆይቶ «እሺ» አለ። በሳምንቱ ጊታሩን ይዞላት መጣ። «ያዢው። እናቴ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች» አላት። ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበራቸውም።

አባቷም ስለ በሩ አንድም ቀን አላነሣም። ሚያዝያ ላይ ግን ከሥራ ሲመለስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ፤ አልጋዋ ላይ አስቀመጠና «የራስሽ ይኑርሽ» ብሎ የሲሚንቶ እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ሮዳስ ተነሣች። አሮጌውን ጊታር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ወደ ገፈርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

የሰኔ ካፊያ ባሕር ዛፉን አጥቦት መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ደጃፉ ላይ ያገኘቻቸው የገመቺስ እናት አዴ ድንቅቱ ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው።

«ፈያ! ኮቱ፣ ገሊ፤ ግቢ ልጄ፤ ዝናብ ላይ አትቁሚ» አሏት፤ ዓይናቸው ግን ከረጢቱ ላይ አርፎ ቀረ። «ከጓሮ ነው ያለው።»

ገመቺስ አንዲት ጥጃ ውኃ እያጠጣ ነበር። ባልዲውን በቀኝ እጁ ይዟል። ሲያያት ቀና አለ።

«ትርኢቱ ዛሬ አይደል እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

«ንገሪኛ።»

ሚኒባስ ውስጥ ስትደረድረው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ሰበታ አልነበርኩም» አለች። «ያን ቀን ቤት ነበርኩ። ከበሩ ጀርባ። ስትጠራኝ ሰምቼሃለሁ።»

ጥጃዋን አጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ ባልዲውን አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«በራችሁ ከሥሩ ክፍት ነው። ሳንኳኳ ጎንበስ ብዬ ነበር። ጫማሽን አየሁት፤ ቢጫውን ሸራ። የአባትሽን ቡትስም አይቻለሁ።»

ሮዳስ አጠገቧ ያለውን የአጥር እንጨት ያዘች። አራት ወር ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። አራት ወር ሙሉ ውሸቷን ያወቀው እሱ፣ አለማወቁን ያመነችው እሷ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንድትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበራ። መጀመሪያ በየቀኑ እጠብቅ ነበር። ኋላ ተውኩት።»

«ታዲያ ጊታሩን ለምን ሰጠኸኝ?»

«ለማን ልስጠው?» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ያስተማርኩት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ከእኔ የቀረው ነገር አንቺ ጣት ላይ ነው ያለው። ብናደድስ ምን አደርጋለሁ?»

«አባቴ ነው በሩን የ…» አለችና አቋረጠች። «አይ። አፌን የያዘኝ ሰው አልነበረም። በግራ በኩል መውጫ እንዳለ አውቅ ነበር። ላንተ መናገር ነበረብኝ።»

ገመቺስ ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጠባሳው መዳፉን አቋርጦ የተጋደመ ሮዝ መስመር ነው። ጣቶቹን ለመጨበጥ ሞከረ፤ ጠቋሚው ብቻ ታጠፈ።

«መውጫ ነበረ?» አለ ቀስ ብሎ። «እሱን አላውቅም ነበር።»

ይህን መናገሯ ከዝምታዋ እኩል እንደቆረጠው ፊቱ ላይ አየች። አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም።

«ትጠላኛለህ?» አለች በመጨረሻ።

«ሲያመኝ እናደድብሻለሁ። ሳያመኝ ደግሞ ትናፍቂኛለሽ። ሌላ የማውቀው የለም።» እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። «ትርኢቱ ላይ አልመጣም። በአንቺ ምክንያት አይደለም። ጊታር ስሰማ ጣቶቼ መነሣት ይፈልጋሉ። እሱን አልቻልኩትም።»

«ጊታሩን ልተውልህ?»

«ዛሬ አይሆንም፤ እናቴ ከረጢቱን አይታዋለች፤ ስታለቅስ ታድራለች። ሌላ ቀን አምጪው።»

«የትኛውን ይዤ ልውጣ?»

«እኔን አትጠይቂኝ፣ ሮዲ» አለና ጥጃዋን እየሳበ ወደ በረቱ ሄደ።

ቤት ስትደርስ አባቷ ለእሑድ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ አዲሱን ጊታር በጨርቅ እያበሰ ደጅ ላይ ተቀምጧል። እግሯ ላይ ያለውን ጭቃ አየ። ከረጢቱንም አየ።

«ገፈርሳ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት። ያውቅ ነበር። ጫማዬን አይቶታል። ያንተንም።»

አጵሎስ ጨርቁን ጭኑ ላይ አጥፎ፣ እንደገና አጠፈው። የግንበኛ እጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ የሚያደርጉት ሲያጡ የባሰ ትልቅ ይመስላሉ።

«እኔን ይጥላኝ» አለ። «አንቺ ልጅ ነሽ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን… ዛሬም እፈራለሁ።» ጥቁሩን ጊታር ወደ ጎን አስቀመጠው። «ይህንን መያዝ የለብሽም። ለእኔ ብለሽ እንዳትይዢው።»

«እኔም እዚያው ነበርኩ፣ አባዬ» አለች፤ ሁለቱንም ጊታር አንሥታ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ወላጆች በፕላስቲክ ወንበር፣ ተማሪዎች ከኋላ ቆመው ጢም ብለዋል። አባቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቲቸር ሰብለወርቅ ከመድረኩ ጥግ ገመድ ይዛ ትጠብቃታለች።

«እሺ ሮዳስ፣ የትኛው ነው? ለአሮጌው ማይክ ላቁም?»

ከኋላ የክፍሏ ልጆች ከረጢቱን አይተው ኖሮ «ገሜ! ገሜ!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ጭብጨባው ወላጆቹ ጋ ደረሰ። ነገሩን የሰሙ እናቶች ገና ከአሁኑ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ፀዲ ከአጠገቧ ሆና «‹ይህ ለገመቺስ ነው› ማለትሽን እንዳትረሺ» አለቻት።

ሮዳስ ታያት። አሮጌውን ይዛ ትወጣለች፤ ስሙን ትጠራለች፤ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ ሲያልቅ ተነሥተው ያጨበጭቡላታል። እንዴት ያለች ጓደኛ ይሏታል። ይህንን ጭብጨባ ተቀብላ የትኛው ቤት ይዛው ትገባለች?

ከረጢቱን ለፀዲ ሰጠቻት። «ዝናብ እንዳይነካው ያዢልኝ። ሰኞ ገፈርሳ ልወስደው ነው። ቢያናግረኝም ባያናግረኝም እሄዳለሁ።»

«እንዴ! ምን ሆነሻል?»

«ጥቁሩ ነው፣ ቲቸር» አለች ሮዳስ። «ገመዱን ይስጡኝ።»

መድረኩ ላይ ስትወጣ ጭብጨባው እንደተቆረጠ ውኃ ቀጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ «አዲስ ሲገኝ ረሳችው ማለት ነው?» ሲል ሰማች። ሌላው «ቀሽም ናት» አለ። አባቷ አንገቱን ደፋ። ማይኩ አፏ ፊት ቆሟል፤ ሁሉም አንድ ስም እንድትናገር ይጠብቃሉ።

ማይኩን ወደ ጎን ገፋችውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ክሩ ላይ አስቀመጠች፤ እስኪያማት ተጫነች፤ መምታት ጀመረች።