ኮረብታው ላይ የተላከው መልእክት

ቶክቶካን ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጭንቅላቷን ተመትታ ወንዝ ዳር ሞታ ተገኘች። ረቡዕ በአራት ሰዓት ግን ድንኳኗን ለተከራየችው የከተማ እንግዳ በስልክ ጻፈች፦ «ድንኳኑ ተዘጋጅቷል። ካፖርት እንዳትረሺ።»

እንግዳዋ ሐሙስ ከቢሽኬክ ደርሳ ለቅሶውን ስታይ መልእክቱን አውጥታ አሳየች። የግጦሽ መስኩ ሰው ሁሉ ሟቿ ትጽፋለች ብሎ የእንግዳዋን ስልክ መንካት ፈራ። እኔም ብሆን እፈራለሁ። መርማሪዋ ቡሩልቻ ግን የምትጠረጥረው በሕይወት ያሉትን ብቻ ነው።

ጣት የተቀሰረው በሟቿ የባል ወንድም በጁማባይ ላይ ነበር፤ በፈረስ ጉዳይ ተጣልተዋል። ከናሪን ከተማ ትምህርቷን ጥላ የመጣችው የሟቿ ልጅ ቤጊማይ አባቷ ቀድሞ ሞቶባታል፤ አሁን ከእናቷ በኋላ የቀራት አጎቷ ጁማባይ ብቻ ነው።

«እሱን ከወሰድሽብኝ ማን አለኝ እትዬ?»

«ቆዪ እስቲ የኔ ልጅ።» ቡሩልቻ ወደ እንግዳዋ ዞረች። «ቁጥርሽን እዚህ ለማን ሰጠሽ?»

«ለቶክቶካን ብቻ። የሷ መልእክት በደረሰኝ በሦስተኛው ደቂቃ ግን ጎረቤቷ ኤሰን 'አርፋለች፤ እኔ ጋ ይምጡ' ብሎ ጻፈልኝ። ደንበኛ ሊነጥቃት የሚዋሽ መሰለኝ።»

ቡሩልቻ ሁሉንም ኮረብታው ላይ ሰበሰበች። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«እዚህ ሰው ታች ሆኖ ይጽፋል፤ ስልኩ የሚልከው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው። ቶክቶካን ማክሰኞ ጻፈች፤ ሳትወጣ ተገደለች። ረቡዕ ስልኳን ይዞ የወጣው ገዳይዋ ነው።»

«ጁማባይ ነዋ!» አለ ኤሰን።

«ጁማባይማ ሬሳው ከተገኘ ጀምሮ እስከ ቀብሩ፣ ረቡዕም ቀኑን ሙሉ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ዱላውን ተደግፎ ሲያለቅስ ነበር። በለቅሶ ደንባችን የባል ወንድም ከዚያ ንቅንቅ አይልም፤ አገር አይቶታል። ድሮ እንግዳ የሚያመጣው አንተ ነበርክ። ሰው በቀጥታ ለሷ መጻፍ ሲጀምር ድንኳንህ ባዶ ቀረ። የዚችን ሴት ቁጥር ከየት አመጣኸው?»

«ሰው... ሰው ሰጠኝ።»

ከቡሩልቻ ጋር የመጣው ፖሊስ ከኤሰን ኮርቻ ከረጢት በጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ አወጣ። የደንበኞቿ ቁጥር ሁሉ ያለበትን ነገር ለመጣል አንጀቱ አልቻለም።

«መልእክቱ በራሱ ሲሄድ ደንግጠህ ስልኩን አጠፋኸው» አለች ቡሩልቻ፤ ስልኩንም መልሳ ከፈተችው።

የቤጊማይ ስልክ ጮኸ። ማክሰኞ ተቀድቶ ሳይላክ የቀረ የእናቷ ድምፅ ነበር።

«ቤጊማይዬ፣ ኤሰን መጥቶ ወንዝ ዳር እናውራ ብሎኛል። ቶሎ ጨርሼ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። መልሽልኝ እሺ?»

ጁማባይ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ቤጊማይ ስልኳን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እሺ እማዬ፤ ደርሶኛል» አለችና ላከችው።

በቡሩልቻ እጅ ላይ የሟቿ ስልክ ጮኸ።