የሰባተኛ ሰፈር ነፍስ

«ሰባተኛ ሰፈር ነፍስ አለው» ይላሉ የአየር ክፍሉ ሽማግሌ ሠራተኛ ጋሽ ወንድይራድ። ትናንትም ብለውታል፣ አምናም ብለውታል። «የሌላው ሰፈር ብልጭ ሲጠሩት ነው የሚነቃው። የሰባተኛው ነቅቶ ይጠብቃል። ሰው ገብቶበታል እላችኋለሁ!»

«ሰው ከገባበት መታወቂያ ይውጣለት፣ ጋሽዬ» ትላቸዋለች ትንግርት።

ከጨው ሜዳው ሥር በተቆፈረችው ከተማ አየር የሚመጣው በቧንቧ ነው። የክፍሉ አየር ሲሳሳ ግድግዳው ብልጩን ይጠራል። ብልጭ የራሱ ማሽን የሌለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሲጠሩት ከተማው ሁሉ በጋራ ከሚጠቀምበት የሩቅ ማሽን፣ ከክላውዱ፣ ይነቃል፣ የአየሩን በር ይከፍታል፣ ተመልሶ ይተኛል። ቶሎ ቶሎ ከጠሩት እንቅልፉ ቀላል ነው። ከረሱት ግን እስኪነሳ ድረስ ደረት ይጨንቃል። ሰባተኛ ሰፈር ዳር ነው፣ ሰውም አይበዛበትም፤ በደንቡ ከሁሉም ጠልቆ መተኛት የነበረበት የእሱ ብልጭ ነበር። አይተኛም። ወሬውም የመጣው ከዚህ ነው።

የብልጩን አዲስ ቅጂ የምትጭነው ትንግርት ናት። ሥራውን ማንም አላስተማራትም፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አትፈቅድም። ከጠረጴዛዋ በላይ በቀይ ቀለም ጽፋለች፦ «በእጅ አይነካም!» ለውጥ ሁሉ በስክሪፕት ያልፋል፤ ትእዛዞቹ በተራ ይጻፋሉ፣ ማሽኑ ራሱ ይፈጽማቸዋል። መጀመሪያ በአንድ ሰፈር ይሞከራል። የድሮው ቅጂ አይጣልም። «በእጁ የሚነካካ ሰው» ትላለች፣ «ምን እንደነካ የሚያስታውሰው ሲበላሽ ነው።»

ጋሽ ወንድይራድ ለእህታቸው ልጅ ሰርግ ወደ ላይ፣ ወደ ፀሐዩ በወጡ ቀን፣ ትንግርት አዲሱን ቅጂ ሰው በማይበዛበት በሰባተኛ ሰፈር ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። የሰፈሩ አዋላጅ ሲስተር ዛህራ ነበረች።

«ትንግርት! ምን አደረግሽብን? ያለጊዜዋ የተወለደች ልጅ ይዣለሁ፣ አየሩ እየዘገየ ነው!»

ትንግርት በአንዲት ትእዛዝ የድሮውን ቅጂ መለሰች። «አሁንስ?»

«ያው ነው! ከንፈሯ እየጠቆረ ነው እኮ!»

ትንግርት ቀይ ጽሑፏን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ብልጩን በገዛ ጣቷ ቀሰቀሰችው። አንዴ። ደግማ። ሊተኛ ሲል ደግማ። በአንድ እጇ እየቀሰቀሰች፣ በሌላው ስክሪፕቱ ላይ አዲስ መስመር ጻፈች፦ ማንም ባይጠራህ እንኳ በየጊዜው ንቃ። እሷ ሁልጊዜ እዚያ አትቀመጥማ። በሰባተኛ ሰፈር ጫነችው፣ ጣቷንም አነሳች። ብልጩ በራሱ ነቃ።

በድምፅ ማጉያው ቀጭን ለቅሶ መጣ። ደስ የሚል፣ የሚያናድድ፣ የማያቋርጥ ለቅሶ።

«ሲስተር» አለች ትንግርት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ።»

ያንን ቃል ከአፏ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሽ ወንድይራድ ሲመለሱ አዲሷ መስመር በከተማው ሁሉ ተጭና ነበር። «ያንን ነፍስ ለሁሉም ሰፈር አደልኩት» ብላ አሳየቻቸው። አነበቧት። ደግመው አነበቧት። ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት።

«እንግዲያው አውራ ጣቴ ጡረታ ወጣች» አሉ። «እናቴ ሰባተኛ ሰፈር ነበረች። አየሩ ሲዘገይባት ብልጩን ከስልኬ እቀሰቅሰው ጀመር። ምሳ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ።»

«ሌሊትስ?»

«ሽማግሌ የት ይተኛል?»

«እናትዎ ካረፉ እኮ ስንት ዘመናቸው!»

«ጎረቤቶቿስ?» ወደ ቀዩ ጽሑፍ በአገጫቸው አመለከቱ። «በእጅ አይነካም ብለሽ ስትለጥፊ ምን ልበል? ነፍስ አለው አልኩ።»

ትንግርት ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የሰርጉ ቀንስ ብልጩ ለምን ተኛ?»

«ሙሽሪት ናታ! ‹ዛሬ እስክስታ እንጂ ስልክ የለም› ብላ ቀማችኝ።»

አዲሱ ቅጂ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።