አምስት ካልሞሉ

ውሃው ጉሮሮውን ካለፈ በኋላ ነው ቀለሙ ክው ያለው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቧንቧ የከፈተው ፊቱን ሊታጠብ ነበር፤ እጁ ግን እንደ ልማዱ አንድ እፍኝ ቀድቶ ወደ አፉ ወሰደው። ዞር ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም።

ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ጠዋት ደሴ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ከገራዶ መንገድ በላይ ባለችው በዚህች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ፤ አንድም ቀን አላረፈም። ዛሬማ የሒሳብ ፈተናው ላይ እንቅልፍ ጥሎት ሁለት ጥያቄ ሳይነካ ነው የወጣው። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ አምስት ካልሞሉ አይቀደስም። ውሃ እንኳ የቀመሰ ደግሞ አይገባም። የደብሩ ዲያቆናት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሱ ነው።

ቀድሞ አራት ነበሩ፤ አራተኛው ጓደኛው ኪዳኑ ነበር። ቀለሙ ሲደክመው ኪዳኑ ይገባለታል፣ ኪዳኑ ሲያመው ቀለሙ። ከዚያ የኪዳኑ አባት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አገኙና ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወረደ። ቀለሙ አኮረፈ። መሄዱን ኪዳኑ ራሱ የመረጠው ይመስል፣ ሁለት ወር ሙሉ ስልኩን አላነሳለትም።

ከቧንቧው ወደ በሩ ሲመጣ አሮጊቷ እማማ ወለተ ማርያም ተቀምጠዋል።

«ነገ ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል እገባለሁ። ቆርቤ ልሂድ ብዬ ነው» አሉት። «እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር ልጄ?»

ዝም ቢል ማን ያውቃል? አንድ እፍኝ ውሃ ናት። እሳቸው ይቆርባሉ፣ ማንም አይቆጣም። ይህን እያሰበ ልብሰ ተክህኖው ከሚቀመጥበት ክፍል ደረሰ። ቄሱ፣ አባ ኃይለ ሚካኤል፣ ቀና ብለው አዩትና ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ መደበቅ አቃተው።

«አባ፣ እኔ ዛሬ አልገባም።»

«ምነው?»

«ውሃ ጠጣሁ። ረስቼ ነው።»

አባ አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ደክሞሃል። እያየሁ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። «እንግዲህ አራት ነን። ቅዳሴ እንደማይኖር ለእማማ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ትንሽ ይቆዩኝ አባ።»

ወደ ውጭ ወጥቶ ስልኩን አወጣ። የኪዳኑን ስም እያየ ቆመ። አፈረ። ሁለት ወር አኩርፎ፣ ሲቸግር መደወል ያሳፍራል። ደወለ።

«ዛሬ ከየት ተገኘህ ጀለሴ?» አለ ኪዳኑ።

«ቀምሰሃል?»

«ኧረ ገና ነኝ። ምን ሆንክ?»

ነገረው።

«ታክሲ ልያዝ። እንዲጠብቁኝ ንገራቸው» አለ ኪዳኑ።

ኪዳኑ የሐረጎን ተራራ ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት እያለከለከ የደረሰው ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ልብሱን ለብሶ ገባ። ደወሉ ተደወለ። ቀለሙ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ አስቀደሰ። እማማ ወለተ ማርያም ቆርበው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ፣ በዓይናቸው ብቻ ተሰናበቱት።

ሲመሽ ሁለቱ ወደ ታክሲው አብረው ወረዱ።

«ነገስ?» አለ ኪዳኑ።

ቀለሙ እንደ ሁልጊዜው «እችለዋለሁ» ሊል ነበር። ግን ተወው።

«ብቻዬን አልችለውም። ትምህርቴም እየተበላሸብኝ ነው» አለ። «ስትሄድ ደብሮኝ ነበር።»

«እኔንም ደብሮኛል። ማክሰኞና ሐሙስ እየመጣሁ ላሳርፍህ ብዬ ስደውል አታነሳም።»

የታክሲው ረዳት «ደሴ፣ ደሴ» እያለ ይጣራል። ኪዳኑ አንድ እግሩን ታክሲው ላይ አደረገ።

«ስደርስ ልደውልልህ?»

«ደውል» አለ ቀለሙ። «አነሳለሁ።»