ያልጠራሁት ደቦ

ያንን ግድግዳ ማን መረገው? ይኸው ዛሬም መልስ የለኝም። እመኑኝ፣ እኔ አንድን መጽሐፍ ገጹን ሳልቆጥር መደርደሪያ የማላስገባ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፣ ሰዎች ጥላ አየን፣ ድምፅ ሰማን ሲሉ በሆዴ የምስቅ ነበርኩ።

ከወገዳ ከተማ አለፍ ብሎ ያለው ትምህርት ቤታችን ወላጆች በደቦ ያቆሙት የጭቃ ቤት ነው። እኔም በአሥራ ስድስት ዓመቴ አንደኛ ክፍል የገባሁት እዚያው ነው፣ ከሕፃናቱ መሐል እንደ ሰንበሌጥ ተመዝዤ። «ይፍረስ» ሲባል ታዲያ ኮሚቴ አቋቁሜ ተሟገትኩ። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ፣ ያምርልኛል ብዬ አንዱን ክፍል በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ሽማግሌው ግንበኛ አባ ተገኘ፣ «ተይ ልጄ፣ ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም» ቢሉኝ፣ «ዘመኑ አልፎብዎታል» አልኳቸው። ክረምት ሲገባ ልስኑ የቀድሞውን ምርጊት ይዞ ተገሸለጠ፣ ማገሩ አገጠጠ። የወረዳው መሐንዲስ ደግሞ ሰኞ መጥቶ ይቁም ወይ ይፍረስ ሊል ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የተገሸለጠውን ክፍል ቆልፌ፣ ቀጥሎ ባለው ክፍል የድሮ መዝገብ ስገለብጥ፣ ቻፕ፣ ቻፕ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጣሪያ ጠፈጠፍ ነው አልኩ። ከዚያ የብዙ ሰው ትንፋሽ፣ ከዚያ አንዲት ሴት፣ «ጭድ ጨምሩበት እንጂ!»

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከፈትኩት። ማንም የለም፣ ወለሉ ላይ ያለው አቧራ እንኳ አልተነካም፤ ግድግዳው ግን ከዳር እስከ ዳር እርጥብ ምርጊት ለብሷል፣ ለሳምንታት የቦካ ጭቃ ይሸታል፣ ትልቅም ትንሽም መዳፍ ታትሞበታል። በሩን መልሼ ቆለፍኩት።

ሰኞ መሐንዲሱ ግድግዳውን ደባበሰና፣ «እንዲህ ያለ ባለሙያ እያላችሁ ምን ብሎ ይፈርሳል? ማን ሠራው?» አለ።

«ወላጆች፣ በደቦ» አልኩ፣ ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ፈረመ። ያን ቀን የኮራሁትን ኩራት! አሁንም ልጆች ሲማሩበት በመስኮት ባየሁ ቁጥር እኮራለሁ።

አንድ ዓመት ሙሉ አፌን ይዤ ቆየሁ። ባለፈው ጥቅምት አባ ተገኘን ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ጠላ ቀመሱ?» አሉኝ።

«ማን፣ አባ?»

«የደቦው ሰዎች ናቸዋ! በልተው፣ መርቀውሽ ተነሡ?»

«ኧረ እኔ በሩን ነው የቆለፍኩባቸው።»

«ደቦ ሳይቀምስ፣ ሳይመርቅ ይበተናል እንዴ?» ብለው ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ ተመለከቱ። «መቼ ሄዱና፣ ልጄ።»