ስለ ማሩ ሸራ የደወለው ሰው

ሃያ ዓመት ያህል በሬዲዮ ዜና ስሠራ ከሁለት ሰው ያላረጋገጥኩትን ነገር አውርቼ አላውቅም፣ ሰዎች ስለ ዛር ስለ መንፈስ ሲያጫውቱኝም መጀመሪያ የምጠይቀው «በስንት ሰዓት? ሌላ ማን አየ?» ብዬ ነው፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ እያፈርኩ መሆኑን እወቅልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ማሩ ካራቫን ገዛ። የሚጎተተውን አይደለም፣ ፒክአፕ መኪና ጀርባ ላይ የሚጫነውን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን፣ ቁልፍ ሲጫኑት ደግሞ ከጎኑ አንድ ክፍል እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ የሚወጣለትን። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንመጣ አውሮፕላኑ ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝቶ የመጣ ልጅ ነው። እኔ አሽዶድ፣ ሮቫ ዳሌት የሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፣ እሱ ሮቫ ዩድ ዛይን ባሕር የሚታይበት ሰገነት አለው፣ ይህን ችዬው ነበር። ካራቫኑን ግን አልቻልኩትም። በሥራ አገሩን ስዞር በመኪና ወንበር ላይ አንገቴ ተጣሞ ያደርኩት እኔ፣ አልጋውን ይዞ የሚዞረው እሱ! ቀናሁ፣ ሌላ ቃል የለውም።

በእኛ ቤት ታናሽ አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ታላቁን ይጠይቃል፣ ማሩም እዚህ ቢያድግም ይህን አልተወም። አንድ እሑድ የጋራዡን ወረቀት ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ በሚወጣው ክፍል ጣሪያ ላይ ሸራ አስገጥም ይሉኛል፣ ክፍሉ ሲወጣ አብሮ ይዘረጋል፣ ሲገባ ይጠቀለላል። አንተ ሳትል አላደርገውም።»

«ምን ይሠራልሃል?» አልኩት። «ነፋስ በመታው ቁጥር ሲንጧጧ አያስተኛህም፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ያቁራል። ለካራቫንህ ነጠላ ልታለብሰው ነው እንዴ?»

ሳቀ። «እሺ፣ ቤሴደር፣ ጋሼ ካለ አለቀ።»

ያልኩት ነገር ውሸት አልነበረም፣ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። ማሩ ስለ ሸራው በስልክ ጠቀስ አድርጎልኝ ስለነበር፣ እንደ ልማዴ አስቀድሜ አንድ ካራቫን ጠጋኝ ጠይቄ ነበር። «አሽዶድ ከሆነ ግድ ነው፣ የባሕሩ አሸዋ ጣሪያው ላይ ይጠራቀምና ክፍሉ ሲገባ የዙሪያውን ጎማ ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ያስገባል» ብሎኛል። የማሩ ልጆች አልጋ ያለው ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ዋጥ አደረግሁት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ አመሻሽ ላይ ማሩና ቤተሰቡ በካራቫኑ ባሕር ዳርቻ ወሰዱኝ። ሁለት ቀን የቆየው ሃምሲን፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው የአቧራ ነፋስ፣ ገና መብረዱ ነበር፣ መኪናው ሁሉ አቧራ ለብሷል፣ በአየር ላይ የቀረውም ገና እየረገፈ ነው፣ ነፋስ የሚባል ነገር ግን የለም። ማሩ ክፍሉን አወጣና ከሚስቱ ከዝናሽና ከልጆቹ ጋር በእግር ሊንሸራሸሩ ሄዱ፣ እኔ ልጆቹ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም፣ እመነኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ነገር ሲንከባለል ነው፣ ክርርር፣ ልክ መጋረጃ ሲዘረጋ እንደሚለው፣ ከዚያ ልክ ከራሴ በላይ ጧ አለ፣ ትንሽ ቆየና እንደገና ጧ። የተወጠረ ጨርቅ ነፋስ ሲመታው የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ያውም እኔ ማሩን ያስፈራራሁበት ድምፅ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ እግሬ ላይ ነበር፣ ጥላ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ሸፈነውና እግሬ ቀዘቀዘኝ። ዘልዬ ወጣሁ። ሸራ የለም፣ የሚንቀሳቀስ ቅጠል እንኳ የለም። ተመልሼ ስጋደም፣ ጧ። የድምፅ መቅጃዬን ከኪሴ አውጥቼ ቀዳሁት፣ በኋላ ስሰማው ከገዛ ትንፋሼ በቀር ምንም የለበትም።

ከኋላ ባለው መሰላል ወጣሁ። የካራቫኑ ጣሪያ አቧራ በአቧራ ነው፣ በጣቴ ስጽፍበት ይነበባል። የወጣው ክፍል ጣሪያ ላይ ግን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዲት ፍሬ አሸዋ አልነበረችም።

ሲመለሱ ማሩን ለብቻው ያዝኩት። «ጣሪያውን ጠርገኸዋል?»

«ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ሃምሲን ማን አብዶ ይወጣል!» አለና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ደግሞ ሸራውን አዝዣለሁ፣ አታስብ። ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስለ ደወልክልኝ ደስ ብሎኛል።»

«ምን አልኩህ?»

«ልታስደግመኝ ነው? ‹ማሩዬ፣ አስገጥመው፣ እሑድ ያልኩህን ቀንቼ ነው ያልኩህ› አልከኝ እኮ። እኔ ጋሼን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።»

ማክሰኞ በዚያ ሰዓት ስቱዲዮ ነበርኩ፣ ዜና እያነበብኩ፣ ስልኬ ውጭ ካለው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ። ስልኬን ከፍቼ አየሁ። ማክሰኞ፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣ ለማሩ የተደወለ፣ አራት ደቂቃ።

አልደወልኩም ልለው ነበር፣ ዓይኑን ሳየው ግን ተውኩት። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። ሸራው ተገጥሟል፣ ልጆቹም በደረቅ አልጋ ይተኛሉ፣ ይህ ደስ ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ አሁን የምቀናው በካራቫኑ አይደለም፣ በደወለው ሰው ነው። ወንድሜ ስሙን ሲያነሳ ፊቱ የሚበራለት፣ ማሩዬ ብሎ የሚጠራው፣ እኔ አንድም ቀን ማሩዬ ብዬው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ዝናሽ ገበያ ላይ አግኝታኝ ጉንጬን ሳመችኝ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን» አለችኝ፣ «ማታ ማታ እየደወሉ ስለሚያጫውቱት። ትናንትማ እንዴት እንደሳቀ!»

«ምን አልኩት?» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። «እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»