ከፎቶው ላይ የቆረጥኩት

ገና ከመኪና ስትወርድ ነው የጠረጠርኳት። ከደሃና ወረዳ የመጡት ልጆች እየዘለሉ ሲወርዱ እሷ ቀስ ብላ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ደግፋ ወረደች። ፊቷን ፀሐይ ጠብሶታል። ሰላም ስትለኝ መዳፏ ሻካራ ነው፣ ሞረድ የነካሁ ነው የመሰለኝ። አጠገቤ ለነበረችው ለጓደኛዬ ለባንቺ፣ «ይቺ ደግሞ የማን እናት ናት?» አልኳት። ተሳሳቅን።

ዓይናዲስ እባላለሁ። የሰቆጣ ልጅ ነኝ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት ዘንድሮ ነው። ሦስት ሺህ ሜትር እሮጣለሁ። ይሄን የማወራው ልፎክር አይደለም፣ እንደውም የማፍርበት ነገር ነው። ግን እናትና አባቶች፣ የቀበሌ ሰዎች፣ እንደኔ ያላችሁ ልጆችም ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ዓመት በታች ለሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና ልጆች እየተመረጡ ነበር። ከዞናችን በየርቀቱ ሁለት ሁለት ልጅ ባሕር ዳር ይሄዳል። እዚያ ያለፈ አዲስ አበባ ገብቶ ለአገር አቀፉ ምርጫ ይሮጣል። እዚያም ካለፈ በቃ፣ አውሮፕላን ነው። እኛን አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው አስቀመጡን። የዚያች ልጅ ስም አልጣሽ ምትኩ ነው። ፍራሿ ከፍራሼ ጋር ይነካካል።

በማጣሪያው አልጣሽ አንደኛ ወጣች። ባንቺ ሁለተኛ። እኔ ሦስተኛ። ሦስተኛ ማለት ቤት የምትቀር ማለት ነው። በመጨረሻው ዙር አልጣሽ ስታልፈኝ ትንፋሿ እንኳን አልተሰማኝም። «ይሄ የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ጉልበት አይደለም» አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወዲህ የምታደርገው ነገር ሁሉ ያጠራጥረኝ ጀመር። ልጆቹን ቁጭ አድርጋ ፀጉር ስትሠራ፣ «እናት ስለሆነች ነዋ!» እላለሁ። ከሁላችን ቀድማ ስትነሳ፣ «ባል ቤት የለመደችው ነው» እላለሁ። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኋት።

«አልጣሽ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አስራ ሰባት።»

«ስንት ዓመተ ምህረት ተወለድሽ?»

«እኔ ምን አውቄ! ስወለድ ቆሜ አላየሁ» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰው የተወለደበትን ዓመት ካላወቀ ወይ ደብቋል፣ ወይ ረስቶታል፤ የሚረሳ ደግሞ ያረጀ ነው። እንዲህ ነበር የማስበው።

ደግሞ አንድ ሰውዬ ይደውልላታል። ሲደውል ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዳ በአካባቢያችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ታወራለች። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ እማዬ ቀስ ብላ ስታወራ እሰማለሁ እንጂ በፍጥነት ሲሆን ያመልጠኛል። ግን ቁጥሩን በአማርኛ ነበር ያለችው። «ሃያ ሁለት» አለች። ሁለት ጊዜ ነው የሰማኋት፣ «ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት»። ጆሮዬ ቆመ።

አንዲት ፌስታል ነበረቻት። ስትተኛ ከፍራሽ ሥር፣ ስትሄድ ከጉያዋ አትጠፋም። ማክሰኞ ቀን ቧንቧው ጋ ልብስ ልታጥብ ስትሄድ ግን ትታት ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ፍራሹን አነሳሁ። ፌስታሏን ፈታሁ። ከላይ የቀበሌ መታወቂያ አለ። ፎቶው የእሷ፣ ስሙ የእሷ። የትውልድ ዘመን፦ 1995። በጣቴ ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት!

ደስ አለኝ፤ አልዋሻችሁም። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ፌስታሏን እንደነበረች አድርጌ መለስኩ። ፎቶው ላይ ከመታወቂያው ሥር የሆነ ቢጫ ወረቀት አብሮ ወጥቷል። ዙሪያውን ቆርጬ መታወቂያውን ብቻ አስቀረሁና ለአሰልጣኝ ደግሰው ላክሁለት። «አሰልጣኝ፣ እኔ እንደላክሁት እንዳይታወቅብኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

ወዲያው አስጠራት። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። «ያለ አባቴ አልናገርም» ብላው እንደወጣች ሰማን። ይሄማ ለእኔ የለየለት ማስረጃ ነበር። ንፁህ ሰው አባት ይጠራል እንዴ? አሰልጣኝ እስከ ዓርብ ማስረጃ ካለሽ አምጪ አላት። ፌስታሏን ይዛ ወደ አገሯ ሄደች። በነጋታው ዝናብ ጀመረ፣ ያንን ሳምንት ሙሉ አላቆመም።

ዓርብ ጠዋት ከአባቷ ጋር መጣች። ሁለቱም እስከ ደረታቸው ጭቃ ናቸው። ኮሚቴው የተቀመጠበት ክፍል መስኮቱ መስታወት የለውም፣ እኛ ልጆቹ ሁላችንም ከውጭ ተደርድረን እንሰማለን። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ መሰረት መታወቂያውን አንስታ አሳየቻቸው።

«አባቴ፣ ይሄ የልጅዎ ነው?»

«አዎ።»

«ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ይላል እኮ።»

አቶ ምትኩ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ ነኝ ያስባልኩት። ልጅቷ ልጅ ናት። አረብ አገር ልልካት ስል ዕድሜዋ አይበቃም አሉኝ። ደላላው፣ ጨምርላት፣ ሃያ ሁለት ናት በል አለኝ። ሰው ሲጠይቃት እንዳትሳሳትም እየደወለ ያስጠናታል። ምስክር ይዤ ሄጄ አስጻፍኩላት። እኛ ጋ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ወረቀት ምን አለበት፣ ልጅቷ እንደሆነች ያችው ናት ብዬ።»

«ታዲያ ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን?»

ወይዘሮ መሰረት ልትሰድባቸው ብላ አልነበረም፣ የእውነት ነው የጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን እያዞሩ መሬት መሬት ያያሉ።

«ካርድ አለኝ። አባቴን እንዳላሳጣው ብዬ ነው እስካሁን ያላወጣሁት» አለች አልጣሽ። ከፌስታሏ ቢጫ ካርድ አወጣች። «ጤና ጣቢያ የተከተብኩበት ነው። የተወለድኩበት ቀን እዚህ ጋ ነበር።»

ነበር። መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶባቸው በውኃ ውስጥ ነው የተሻገሩት፣ ፌስታሏ ደግሞ ተቀድዳለች። ቀለሙ ሁሉ ፈሶ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ወይዘሮ መሰረት ካርዱን ወደ ብርሃን አድርጋ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ምንም አይነበብም።»

«መዝገቡ ይታይ» አሉ አባቷ።

«የካርዱ ቁጥር ሳይታወቅ የአስራ ምናምን ዓመት መዝገብ ማን ያገላብጣል? ስም የምንልከው ዛሬ ነው።»

ተሰረዘች። በእሷ ቦታ የእኔን ስም ጻፉ። እማዬ ደውዬ ስነግራት ስልኩ ላይ እልል አለች። ባንቺ አቀፈችኝ።

ክፍል ስገባ አልጣሽ ልብሷን እየሰበሰበች ነው። ቀና ብላ አየችኝና አንድ ከረጢት በሶ ሰጠችኝ።

«ለባሕር ዳር ብዬ ያመጣሁት ነው። ከሩጫ በፊት በጥብጠሽ ጠጪው። ሆድ አይነፋም።»

«አንቺስ?»

«እኔ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ፤ ፓስፖርቱ ደርሷል። አባቴ ቢያንስ እስከ ውድድሩ ታገሱን ብሎት ነበር ደላላውን። አሁን ምን ብሎ ያስቆመዋል?» ልብሷን ቋጠረች። «መታወቂያዬን ማን ፎቶ እንዳነሳው ባወቅሁ።»

ቶሎ ብዬ ጠየቅኋት። «ምን ልታደርጊው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ካርዱም አብሮ ተነስቶ እንደሆነ እጠይቀው ነበር። መታወቂያው ካርዱ ላይ ነበር የተቀመጠው።»

ተነሳችና ወጣች። አባቷ በር ላይ ቆመው ነበር፣ ተያይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

እኔ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄድኩ፤ እሷ ስታወራ ቆሜ የሰማሁባት ቦታ። ያልተቆረጠውን ፎቶ ከፍቼ በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ጥርት ብሎ ይነበባል። የካርድ ቁጥር አለ። አልጣሽ ምትኩ። የተወለደችበት ቀን 12/6/2000። አስራ ሰባት ዓመት። እኔ የ1999 ነኝ። እናት ስላት የነበረችው ልጅ የእኔ ታናሽ ናት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ቀን ቢጫውን ወረቀት አይቼዋለሁ። አላነበብኩትም። ግን እንዳላነበው ብዬ ነው የቆረጥኩት።

ልሰርዘው ነበር። የእውነት ጣቴን አሳረፍኩበት። ስልኩ፣ ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስልክ እንኳን ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቃል። እኔ ያቺን ልጅ ያንን ሁሉ ቀን ጎኗ ተኝቼ፣ ማነው የሚደውልልሽ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ለራሴ እየነገርኩ ለራሴ እያመንኩ ከረምኩ።

ወደ ኮሚቴው ክፍል ሮጥኩ። በማጣሪያው እንዲያ ሮጬ ቢሆን አንደኛ በወጣሁ። አሰልጣኝ ስልኬን ተቀብሎ አስፍቶ አየው።

«ይሄን ቆርጠሽ ነው የላክሽልኝ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ሦስተኛ ስለወጣሁ።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወይዘሮ መሰረት ጤና ጣቢያው ደወለች፣ ቁጥሩን ነገረቻቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ሰውዬ መዝገቡን አግኝቶ በስልክ አነበበላት፤ የእናቷን ስም፣ ቀኑን፣ ሁሉንም። ከካርዱ ጋር አንድ ነው። ከዝርዝሩ ላይ የእኔን ስም ሰርዛ የአልጣሽን መልሳ ስትጽፍ እያየሁ ነበር።

አሰልጣኝ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ይዞኝ በረረ። አልጣሽና አባቷ መኪና ውስጥ ገብተው ቁጭ ብለዋል። አሰልጣኝ በመስኮቱ ነገራቸው። አባቷ ቀድመው ወረዱ።

«ወረቀቱን በሕግ አስተካክለው ያምጡ፤ ከዚያ በፊት እንኳን አረብ አገር የትም እንዳይልኳት» አላቸው አሰልጣኝ።

«ሄዳ ቢሆን እዚያስ ማን ልጅ ናት ብሎ ያዝንላት ነበር?» አሉ አቶ ምትኩ፣ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። «ለሰው ልጅ ዕድሜ ሲጨመርለት ምርቃት ይመስለኝ ነበር። አምስት ዓመት ነው እኮ የበላሁባት። ደላላውን እኔ ራሴ እደውልለታለሁ፣ አትሄድም።»

አልጣሽ እኔን እኔን ነው የምታየው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳትነካኝ ስትቀር ገለጥኩት። እጇን ዘርግታለች።

«በሶዬን አምጪ።»

«ለልጆቹ… ትንሽ አካፍያቸዋለሁ።»

«የተረፈውን አምጪ!»

አመጣሁላት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ «እስኪ እንግዲህ» አለችኝ። አሁን ልጆቹ ስልኬን ሳወጣ ወሬ ያቆማሉ። ባንቺ ራሷ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ጠጋ ታደርጋለች። ምን እላቸዋለሁ? መጠርጠር ምን እንደሚመስል አሁን ከዚያኛው በኩል ሆኜ እያየሁት ነው።

እናንተ ወላጆች፣ ለልጅ ያልኖረችውን ዓመት አትጨምሩባት፣ የኖረችውንም አትቀንሱባት። ዛሬ ለመሄድ ይጠቅማታል ብላችሁ ያስጻፋችሁት ነገ በሯን ይዘጋባታል፤ እውነቱን ስትናገሩም የሚያምናችሁ አታገኙም። እናንተ የቀበሌ ሰዎች፣ ምስክር መጣ ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትጻፉ፣ ልጅቷን ቀና ብላችሁ እዩዋት። እንደኔ ያላችሁ ደግሞ፣ የሰው ወረቀት ከመበርበራችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት። ጥቆማ መስጠት ክፉ አይደለም፣ በዕድሜ የሚያጭበረብር ሞልቷል። ግን ያያችሁትን ሙሉውን ስጡ። ግማሹ ውሸት ነው።

እህቴ በቅርቡ ወንድ ልጅ ወልዳለች። «ልደቱን አስመዝግቢ» ስላት «ምን ያጣድፈናል፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ይደርሳል» ትለኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ጨቅጭቄ፣ ልጁን አሳዝዬ ቀበሌ ወሰድኳት። ጸሐፊው የተወለደበትን ቀን ሲጠይቅ እህቴ ሳትቀድመኝ ቀኑን ነገርኩት፣ ቀጥዬም «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል» አልኩት።

«ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ የለውም እህቴ» አለኝ።

«ግድ የለም፣ ጠርዙ ላይ ጻፈው» አልኩት።