ሳይጠይቀኝ የጫነልኝ

ያን ሰውዬ ዓመታት ሙሉ የጠላሁት በአንዲት አረፍተ ነገር ነው። «ለአንቺ ሆሙ ይበቃሻል» አለኝ። በቃ። ሌላ አልተናገረም።

እኔ ጥልፍ ጠላፊ ነኝ። የሥራ ልብስ ላይ ስም፣ የተማሪ ሹራብ ላይ ዓርማ እጠልፋለሁ። በእጄ ስጠልፍ ኖሬ ኋላ ላይ ከኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀበል የጥልፍ መኪና ገዛሁ፤ አሮጌ ነው፣ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ተገልግሎበታል። ኮምፒውተሩንም ገዛሁና ዊንዶውስ እንዲጫንልኝ ኮሪደሩን ተሻግሬ ከሱቄ ፊት ለፊት ላለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩለት።

የፎቁ ሰው ጠጋኙን «ብሎን» ነው የሚለው። ሲሠራ ሁልጊዜ አንድ ብሎን በከንፈሩ እንደያዘ ነው። እኔን ደግሞ «መርፌ» ይሉኛል። በሥራዬ ምክንያት ይመስለኝ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ናት «በምላስሽ ነው እንጂ!» ያለችኝ።

ብሎን ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየኝ። ብሎኑን ከአፉ አወጣ፣ ያቺን ነገር ተናገረ፣ ብሎኑን መልሶ ወደ አፉ ከተተ። ሆም የሚሉት የዊንዶውስ ዓይነት ነው፣ የቤት ማለት ነው። ፕሮ የሚሉት ደግሞ አለ፣ የባለሙያ ማለት ነው።

እዚያ ላይ ቢያበቃ እረሳው ነበር። ገና ከወንበሩ ሳልነሳ አንድ ከረባት ያሰረ የሒሳብ ሠራተኛ የራሱን ኮምፒውተር ታቅፎ ገባ። ብሎን ብድግ አለለት!

«ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩበት? ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ከምን መሣሪያ ጋር ነው የሚያገናኙት? ሆም አለ፣ ፕሮ አለ፤ የትኛው ይሁንልዎት?»

የትኛው ይሁንልዎት! እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ግን መጠየቅንና አለመጠየቅን ለመለየት ትምህርት አያሻም። ለእሱ ጥያቄ፣ ለእኔ ፍርድ። ኮምፒውተሬን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ ጦርነት ላይ ነን።

«ያ መኪናሽ ጥርሴን አረገፈው እኮ!» ይላል ከበሩ ሆኖ።

«ጥርስማ ድሮ በብሎን ጨርሰኸዋል!» እላለሁ ከበሬ ሆኜ።

የፎቁ ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም። እሱም አይስቅም። ያየኛል። እኔም አለማየቴን እንዲያይ ብዬ አየዋለሁ።

የሱቄ በር ከላይ ወደ ታች የሚሳብ ብረት ነው፤ ከባድ ነው። አንድ ቀን ልዘጋ ስታገል፣ ብሎን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መጣና ሳብ አድርጎ አወረደው።

«ማን ንካ አለህ?» አልኩት።

ብረቱን ወደ ላይ መልሼ ገፋሁትና እንደገና ራሴ አወረድኩት። እሱ ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ ሄደ። እጁ የነበረበት ቦታ ሞቅ ብሎ ነበር። ይሄም አናደደኝ።

እናቴ አልጋ ከያዘች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቤት እሷ ጋ ነው የምውለው። ሱቁን የምትረዳኝ ሴት ትጠብቅልኛለች። የጥልፍ ንድፍ ማስተካከል ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ በተበላሸ ቁጥር እናቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ እሮጣለሁ። ስመለስ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታኩርፈኛለች። ደግሞም እውነቷን ነው።

እንዲህ እያልን ሳለ ኮምፒውተሩ ሞተ። ብሎን ጋ ከምወስደው ብሸጠው ይሻለኛል ብዬ፣ በታክሲ ጭኜ ትልቁ መንገድ ዳር መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ወሰድኩት።

«ትልቁን ጫኑልኝ! የመጨረሻውን!» አልኳቸው።

«ፕሮ ይሁንልሽ እናቴ» አለኝ አንዱ። «ጥሩ መርጠሻል። በፕሮ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በኢንተርኔት የሱቅሽን ኮምፒውተር ከፍተሽ መሥራት ትችያለሽ። ሆም ይሄ የለውም።»

ደሜ ፈላ። ቤቴ ቁጭ ብዬ! ያን ሁሉ ሩጫ፣ ያን ሁሉ የእናቴን ኩርፊያ አሰብኩት። ሁሉም ከዚያች «ይበቃሻል» የመጣ ነው።

ሱቄ ተመልሼ ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ምን ያደርጋል፣ የጥልፍ መኪናው አላወቀውም! ባጠፋው፣ ባበራው፣ ሽቦውን ብነቅል ብሰካ ዝም። የሰው ልብስ ተከምሮ ይጠብቃል፣ መኪናው እንደ ግዑዝ ድንጋይ ቁጭ ብሏል። እዚያ ንዴቴ ላይ ነው እህቴ የገባችው።

«ተቀመጪ፣ የምነግርሽ አለ» አለችኝ። «ብሎን አነጋግሮኛል። ላግባት ይላል።»

«ማንን?»

«እኔን ይመስልሻል? ባሌን ምን ላድርገው? አንቺን ነዋ!»

እውነቱን ልናገር፣ እጄ የያዘውን መቀስ ለቀቀ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ገባኝ።

«አንቺን ነው የጠየቀሽ?»

«እና ምን አለበት? ሰውዬው ደህና ሰው ነው፣ ሲያይሽ...»

«እኔን አልጠየቀኝም!»

«ወይ አንቺ ልጅ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ተይው ያን የድሮ ነገር!»

አልተውኩትም። ኮምፒውተሩን ነቅዬ ታቀፍኩት። ወይ ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ወይ ይሄን ፎቅ ለቅቄ እሄዳለሁ፣ ዓይኑንም አላይም። ይሄን ለራሴ ቆርጬ ነው ኮሪደሩን የተሻገርኩት።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እጁን ሲዘረጋ፣

«አትንካ!» አልኩት። «እንደ ባለ ከረባቱ ጠይቀኝ።»

«የቱ ባለ ከረባት?»

ረስቶታል! እኔ ዓመታት የተሸከምኩትን እሱ ረስቶታል! አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ብድግ ማለቱን፣ ያን «ልዎት» ማለቱን ሳይቀር። ከዚያ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩበት?» አለኝ።

«ጥልፍ።»

«ከምን መሣሪያ ጋር ነው የሚያገናኙት?»

«ጥርስህን ካረገፈው ጋር።»

ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየ። «አዲሱን ዓይነት ዊንዶውስ፣ ባለ ስልሳ አራት ቢቱን ነው የጫኑት። መኪናው አሮጌ ነው፣ የሚሰማው የድሮውን፣ ባለ ሠላሳ ሁለቱን ብቻ ነው። መኪና አለሽ ወይ ብለው አልጠየቁሽም?»

«እነሱም አልጠየቁኝም። ቀጥል።»

«ስንት ሰው ይጠቀምበታል?»

«እኔ ብቻ። ግን ከሁለት ቦታ። እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ከሰዓት እሷ ጋ ነኝ። ንድፍ በተበላሸ ቁጥር ጥያት እየሮጥኩ እመጣለሁ። ስሮጥ አይተኸኝ አታውቅም?»

ብሎኑ ከአፉ ወደቀ።

«አይቼሻለሁ» አለ። «ሱቁን ለማየት የምትመጪ ይመስለኝ ነበር። ፕሮው ነበር እኮ የሚያስፈልግሽ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

ጎንበስ ብሎ ብሎኑን መፈለግ ጀመረ፤ ፍለጋው ለማስመሰል እንደሆነ አወቅኩበት።

«ፕሮው ውድ ነው» አለ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ። «ወጪ ላስቀርልሽ ብዬ ነው።»

«ማን እዘንልኝ አለህ?»

«ማንም።»

«እህቴንስ ማን ጠይቅ አለህ?»

ብቅ አለ። ፊቱ ላይ አቧራ ነበር።

«አንቺን ፈርቼ ነው» አለኝ።

ይሄ ትልቅ ሰውዬ! የሚስቅበት ሰው እንኳ በአካባቢው አልነበረም፤ እኔም አልሳቅኩም።

«ጥያቄህን አልጨረስክም» አልኩት።

«የትኛው ይሁንልዎት?»

«ፕሮ። ባለ ሠላሳ ሁለቱ።»

ጫነልኝ። ወስጄ ሰካሁት፤ መኪናው ጮኸ። እንደዚያ ቀን ጩኸቱ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ብሎን መጣ፣ ደፉ ላይ ቆመ።

«ልግባ?» አለ።

በዚያ ሁሉ ዘመን በራሱ ፈቃዴን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ናት። ግባ አልኩት። አፉን ከፈት ሲያደርግ፣

«መጀመሪያ ብሎኑን አውጣ» አልኩት።

አወጣና መዳፉ ላይ ጨበጠው።

«ታገቢኛለሽ?»

«እኔም ጥያቄ አለኝ» አልኩት። «እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፣ ትችላለህ? ታኩርፋለች። እኔም ተናጋሪ ነኝ። መኪናው ይጮሃል። ስንጣላ ዝም ብለህ በርህን ትዘጋለህ ወይስ ትመልስልኛለህ?»

«እመልስልሻለሁ።»

«ሳትጠይቅ እንደገና ብትወስንልኝስ?»

«በሩን ወደ ላይ ገፍተሽ እንደገና ታወርጂዋለሽ» አለ። «አውቅሻለሁ።»

እዚህ ላይ ነው የሳቅኩት። ባለ ከረባቱን ረስቶ ያቺን በር አልረሳትም!

እሺ አልኩት።

ሱቅ መዝጊያው ደረሰ። ወጣንና ብረቱን ቀና ብሎ አየው፤ እጁን ግን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ላውርድልሽ?»

«አታውርድልኝ» አልኩት። «አንተ በዚያ ያዝ፣ እኔ በዚህ።»